አሥራ አራተኛው ጋዋን

ሰሞኑን በታችኛው ከተማ በሲቀላ የሚናፈሰው ወሬ እንዲህ ይላል፦ የላንቴ መንደሩ አቶ ዳና የቻይና ሃይማኖት ገብቷል። ሙዝ ማሳው ውስጥ ለጉማሬ ቤተ ጸሎት ተክሏል። ቀይ ጋዋን የለበሱ አሥራ አራት መዘምራንም አሉት። ጉማሬው ዝማሬውን ሰምቶ ተንበርክኳል፣ አልቅሷል፣ በመጨረሻም አባያ ሐይቅን ለቅቆ ጫሞ ገብቷል።

ወሬዋ ሲቀላ ላይ ሚኒባስ ስትሳፈር እንዲህ አልወፈረችም ነበር። «ዳና ሙዙን ቀይ አለበሰው» የምትል፣ አጥንቷ የሚቆጠር ከሲታ ነበረች። ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የሚያወጣው ዳገት ግን መኪናን እንጂ ወሬን አያደክምም። ግማሽ መንገድ ላይ ቻይና ተሳፈረባት፤ ሴቻ ስትደርስ መዘምራን አስከትላ ወረደች። በሳምንቱ ገረሴ ገበያ ውስጥ ታየች ይባላል። እዚያ ጉማሬው ክራቫት አድርጎ ነበር።

አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ ጥቂት ይጠራጠራል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል «የእግዜር ድልድይ» የሚባል ተራራ ተጋድሟል። ጉማሬው በእግሩ ተሻግሮ ከሆነ ሰው ሳያየው አይቀርም፤ በሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ረዳቱ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉለት!» ሲል ከተማው ሁሉ በሰማ ነበር። ዳናም ቢሆን ሃይማኖቱን ሊለውጥ ቀርቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ለመለወጥ ሁለት ክረምት ያሰበ ሰው ነው። አስቦም አልለወጠም።

እንዲያውም ነገሩን ከጉማሬው መጀመር ስሕተት ነው። የሚጀመረው ከቁልፉ ነው።

ዳና የሃምሳ ስምንት ዓመት የሙዝ ገበሬ ነው። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው። ቁልፉ የመዳፍ ያህል ይረዝማል፤ በአረንጓዴ የናይለን ገመድ ታስሮ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሚስቱ ልክነሽ «እኔን ካገባ ሠላሳ ዓመቱ፣ ቁልፏን ካገባ አሥራ ዘጠኝ፤ አንገቱ ላይ ያደረጋት ግን እሷን ነው» ትላለች። ይህን የምትለው እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለሆነ፣ ቀልዱን ከሠርጓቸው ፎቶግራፍ በላይ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ዳና በሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል፤ ዕድል ሲሰጠው «እ...» ይላል፤ ከ«እ» በኋላ ያለውን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደ ሌላው ምእመን አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ ምስክርነት አልሰጠም። ነገር ግን እሁድ ጠዋት እሱ ካልመጣ ሰባኪው በር ላይ ነው፣ መዘምራኑ በር ላይ ናቸው፣ ሙሽራም ብትሆን ቬሎዋን ሰብስባ በር ላይ ነች። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት አረፈደ። ሲደርስ ሦስት መቶ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ «ዳናስ?» «ኧረ ዳና የት ሄደ?» ይባባላል። ያቺን ወባ ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ፊቱ ይበራል።

ማሳው ያለው ደግሞ ወደ ሐይቁ በተጠጋው ጫፍ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ ጉማሬው መጀመሪያ የሚጎበኘው እሱን ነው። የሰፈሩ ሰው ይህን ጉማሬ «ገምጋሚው» ይለዋል፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሁሉን ይረግጣል፣ በልቶ ይሄዳል፣ ሪፖርቱን ግን ያየ የለም። ዳና ስድስት ዓመት በተከታታይ «ተራ ከምንጠብቅ ሁላችንም አብረን ብንጠብቅስ?» ሊል እጁን አውጥቷል። አንድ ዓመት እስከ «አብረን» ደርሶ ነበር።

ቻይና የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ካምፕ ተከለ፤ ዳናም ለሦስት ዓመት የቀን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። የካምፑ ምግብ አብሳይ ቼን የሚባል፣ ፊቱ ሁልጊዜ በእንፋሎት የራሰ ቻይናዊ ነበር። አንድ ጥር ላይ ይህ ቼን እርጥብ ቀርከሃ ካልመጣልኝ አለ። ዳና በዚያ በኩል ለሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነግሮ ከገረሴ ደጋ አስመጣለት። ደጋው ላይ ሰው በቀርከሃ ቤት ስለሚሠራ፣ ቼንም ጎጆ ሊወጣ ነው ብሎ ገመተ። ቼን ግን በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈና ቀርከሃውን እሳት ውስጥ ጨመረው።

ቀርከሃው እንደ ጥይት ጮኸ። ጥበቃው ዳና ካምፑን ለመጠበቅ ሲል መሬት ላይ ተኛ።

ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ አስተርጓሚውን ሲላስን ጠራው። ሲላስ ቻይንኛ የተማረው ስምንት ወር ነው፤ የሚያስተረጉመው ግን በስምንት ዓመት ድፍረት ነው።

«ሲላስ፣ ሰውየውን ምን ሆነሃል በለው።»

ሲላስ ጠየቀ። ቼን እጁን እያወራጨ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲላስ «ዓውደ ዓመት ነው» አለ።

«ያን ሁሉ ተናግሮ?»

«ሌላም አለው። አውሬ አለበት።»

ዳና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አውሬ ያለበት ወሬ ቆሞ አይሰማም።

ሲላስ እያስተረጎመ፣ ያልገባውን እየዘለለ፣ የዘለለውን ከራሱ እየሞላ እንዲህ ሲል ነገረው። ድሮ ኒየን የሚባል አውሬ ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሲመሽ ከባሕር ይወጣል፤ እህሉን ይበላል፣ ከብቱን ይበላል፣ ሰው ካገኘም አያልፍም። ሰዉ እሱን ፈርቶ ልጁንና በሬውን ይዞ ተራራ ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ነጭ ጢም ያለው ለማኝ ሽማግሌ መንደሩ ገባ። ሁሉም ለመሸሽ ዕቃ ሲያስር ዞር ብሎ ያየው የለም፤ አንዲት አሮጊት ብቻ አበላችው። እሱም «እኔ እዚሁ ቤትሽ አድራለሁ» አላት። በሩ ላይ ቀይ ለጠፈ፣ መብራት አበራ፣ ቀይ ለበሰ፣ ቀርከሃ አጮኸ። ኒየን መጣ፣ አየ፣ ሰማ፣ በርግጎ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። በነጋታው ሰዎቹ ሲወርዱ ቤቱ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀይ ነው፣ እሳት ነው፣ ጩኸት ነው፤ ጠዋት ደግሞ እየተዟዟሩ «እንኳን ተረፍክ» መባባል ነው።

«ኒየን ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ዳና።

«ዓመት።»

«አውሬውን ነው የጠየቅሁህ።»

«አውሬውም ዓመት ነው፤ ዓመቱም አውሬው ነው። ቃሉ አንድ ነው።»

«ይሄስ እውነት ነው» አለ ዳና። «ዓመት ይበላል። እኛም እኮ እንኳን አደረሰህ እንላለን። ከምን እንዳደረሰን ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። እነዚህ ከምን እንደተረፉ ያውቃሉ።» ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። «አፉ ትልቅ ነው ወይ በለው።»

«ትልቅ ነው ይላል።»

«ከውኃ ነው የሚወጣው?»

«ከውኃ።»

«በዓመት አንዴ፣ ምግብ ሲጠፋ?»

«እንደሱ ነው። ግን ቀንድ አለው ይላል።»

«ፈርተው ስላዩት ነው፤ ጆሮው ነው። ጉማሬ ነው በለው።»

ሲላስ ጉማሬ በቻይንኛ ምን እንደሚባል አልተማረም፤ ስምንተኛው ወር እዚያ አይደርስም። «የውኃ ላም» ብሎ ተረጎመው። ቼን ምንም አልገባውም። ሰው ማስከፋት ስለማይወድ ግን ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣ።

«አረጋገጠ» አለ ሲላስ።

ዳና አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበረው። «ከቀዩ፣ ከእሳቱና ከጩኸቱ የቱ ነው ያባረረው?»

ቼን ይህን ሲሰማ ማማሰያውን አስቀምጦ አሰበ። የሰጠውን መልስ ሲላስ ሳይጨምር ሳይቀንስ የተረጎመው ያኔ ብቻ ነው። «አይታወቅም። አንዱን ትቶ የሞከረ የለም።»

በዚያ ቀን ዳና ቤቱ ገብቶ ለልክነሽ «አንድ ጉማሬ ቢያስቸግራቸው አገር በሙሉ የሚያከብረው በዓል አወጡለት። እኛ ሐይቅ ሙሉ ጉማሬ ይዘን አንድ ስብሰባ አልተሳካልንም» አላት። ይህ በትዳር ዘመናቸው የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው። ልክነሽ ወባው ተነሥቶበት እንዳይሆን ግንባሩን ነካችው።

መንገዱ አለቀ፣ ካምፑ ተነሣ፣ ቼንም ማማሰያውን ይዞ ሄደ። ዘንድሮ ጥር ሲገባ ገምጋሚው የዳናን ሁለት ረድፍ ሙዝ ገመገመ። ጠዋት ጎረቤቱ አገርነሽ፣ ምላሷ ከማሳዋ የሚሰፋ ሴት፣ ጉዳቱን ልታይ መጣች። ሌሎችም ተሰበሰቡ። ዳና «እ...» አለ። ሊበተኑ ሲሉ «... ቻይናዎች እኮ ለዚህ መላ አላቸው» ብሎ ጨመረ።

ሁሉም ቆሙ። «ዳና አለ» ሲባል የማይሰማ ሰው «ቻይና አለ» ሲባል ጆሮው ይቆማል። ዳና ታሪኩን ከሽማግሌው እስከ ቀርከሃው ሳያቋርጥ ነገራቸው።

«ጋሽ ዳና፣» አለች አገርነሽ፣ «ቻይና መንገድ ይሠራል እንጂ ጉማሬ ያባርራል እንዴ?»

«ስንት ሺህ ዓመት አባርረዋል።»

«ተመልሶ መጥቶባቸው አያውቅም?»

«በየዓመቱ ነው የሚያከብሩት።»

«እንግዲያው በየዓመቱ ይመጣል ማለት ነዋ!»

«በየዓመቱ ይባረራል ማለት ነው።»

አገርነሽ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በላንቴ ታሪክ እንዲህ ሲሆን የታየው ያኔ ነው። እሳቱ ቀላል ነው ተባለ። ጩኸቱን አገርነሽ ብቻዋን ትችለዋለች ተባለ፤ እሷም አልተቃወመችም። ቀርከሃውን ገረሴ ዘመድ ያለው ያስመጣል። ቀዩን ግን ከየት ይምጣ?

ዳና አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሰ።

መዘምራኑ ባለፈው ፋሲካ ሰማያዊ ጋዋን አሠርተዋል። አሮጌዎቹ አሥራ አራት ቀይ ጋዋኖች በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ዕቃ ቤት ገብተዋል፤ ቃለ ጉባኤው «ይወገዱ» ይላል፤ እንዴት እንደሚወገዱ አይልም። ዳና እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ተረጎመው፤ በዚህ ከሲላስ ብዙ ተምሯል። ከሰዓት በኋላ የፊተኛው ረድፍ ሙዝ ጋዋን ለበሰ። ቅጠሎቹ በእጅጌው ወጡ። ልክነሽ ኮሌታ እያስተካከለች «ይሄ ወፍራሙ ሶሎ ይይዛል» አለች። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ አሥራ አራቱም እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በዚያች ሰዓት በመንገዱ ያለፈች አንዲት ሚኒባስ ፍጥነቷን ቀነሰች። የቀረውን ሲቀላና ሴቻ ያውቁታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሠላሳ የሚሆን ሰው ድስት፣ ጀሪካንና ክዳን ይዞ ማሳው ጫፍ ላይ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ፎሰሴ፣ ያንን የበቆሎ ድብልብል፣ በሀለኮ (በሽፈራው) ቅጠል ሠርተው መጡ፤ ማባያው የቃሪያ ዳጣም ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጉማሬው አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ሰው ግን መጣ፤ በስድስት ዓመት ስብሰባ ያልታየ ሁሉ መጣ። በሦስተኛው ምሽት ጨዋታው ደምቆ፣ ፎሰሴው ዞሮ፣ አገርነሽ ስለ ባሏ እናት የጀመረችው ታሪክ ልብ የሚሰቅል ቦታ ደርሶ ጉማሬ የሚባል ነገር ከሁሉም ልብ ጠፍቶ ነበር። ከዳና በቀር።

ዳና ከፊተኛው ረድፍ አጠገብ ቆሟል። ቄጠማው ሲከፈት አየ። ገምጋሚው እንደ ጭነት መኪና ቀስ ብሎ ወጣ፣ ጋዋኖቹ ፊት ቆመ፣ ከዳር እስከ ዳር አያቸው። ከዚያ ሶሎ የሚይዘውን መረጠ። መጀመሪያ እጅጌውን በላ። ቀጥሎ ደረቱን በላ። ኮሌታው ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበ፤ በላው።

ዳና ሊጮህ አፉን ከፈተ። የወጣው «እ...» ነው። ይህ እንደማያዋጣ ስላወቀ ድስቱን መታ። አንድ ድስት የሰማ ሠላሳ ሰው ሠላሳ ድስት መታ፤ ቀርከሃው እሳት ገባ፤ አገርነሽም እንደተጠበቀባት ጮኸች። ጉማሬው እንደ ሰለቸው ሰው ዞር ብሎ ወደ ውኃው ተመለሰ። ከአፉ ዳር አንድ ቀይ እጅጌ ተንጠልጥሎ ነበር። ጨለማው ስለበረታ እጅጌውን ያየ ከዳና ሌላ የለም።

በነጋታው ሰው እየተዟዟረ «እንኳን ተረፋችሁ» ተባባለ። ከዚያ ወዲህም በየምሽቱ ይመጡ ነበር፤ ገምጋሚውም ብቅ ባለ ቁጥር ድስት ይጠብቀው ነበር። አንድ ዘለላ ሙዝ አልጠፋም።

የጠፋው ቁልፉ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ክብሩ፣ ጨዋና ሁሉን ነገር በቃለ ጉባኤ የሚያምን ሰው፣ ዳናን አስጠራው።

«ወንድም ዳና፣ የመዘምራንን ጋዋን ለጉማሬ ማልበስ ምንድን ነው?»

«ለጉማሬ አይደለም። ለሙዝ ነው።»

ይህ መልስ ነገሩን አላቀለለውም። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ቁልፉ ለመምህር ጥዑመልሳን ይሰጥ ተባለ። መምህሩ በትምህርት ቤት ስለ ሰዓት አከባበር የሚያስተምር፣ ለትምህርቱም ብዙ ጊዜ የሚያረፍድ ሰው ነው። በመጀመሪያው እሁድ ስብከቱ ዛፍ ሥር ሆነ። ዳናም ከሦስት መቶው ሰው ጋር ዛፉ ሥር ቆመ። ሁሉም «ጥዑመልሳንስ?» «ኧረ ጥዑመልሳን የት ሄደ?» ይባባላል። ዳና እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ እዚያ ያለው የገመዱ ምልክት ብቻ ነው። ያን ሳምንት ልክነሽ ቀልዷን ለእንግዳ አልተናገረችም።

ጋዋኖቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። ክብሩ ቆጠራቸው። «አሥራ ሦስት። አሥራ አራተኛውስ?»

«እ...» አለ ዳና።

በዚህ መሐል ወሬዋ ገረሴ ደርሳ፣ ደጋ ላይ ሰንብታ፣ ወፍራና ጸድታ ተመለሰች። ስትሄድ ዳና ጣዖት አምላኪ ነበር፤ ስትመለስ ጉማሬው ንስሐ ገብቷል። መዘምራን የጸለዩበት ጋዋን ብቻውን ቆሞ አውሬውን አንበርክኳል። ከገረሴ ምእመናን ደብዳቤ መጣ፦ ምስክርነቱን ለመስማት እሁድ በሁለት መኪና እንመጣለን። ክብሩም የሙዝ ማሳ አለው፤ ዘንድሮ አልተበላበትም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ ዳና ቤት ሄደ።

«ወንድም ዳና፣ ሳናውቅ አዝነንብህ ነበር። ለካ ጌታ በመዘምራን ጋዋን ትልቅ ሥራ ሠርቷል! እሁድ ወጥተህ ትመሰክራለህ። እንደ ወረደ ተናገር፤ ተንበረከከ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። አሥራ አራተኛውንም ለብሶት ሄደ የሚሉ አሉ፤ እሱን አንተው ታብራራለህ።» ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አረንጓዴው ገመድ ታጥቧል። «ከምስክርነቱ በኋላ ይቺም ወደ ቤቷ ትመለሳለች።»

«እ...» አለ ዳና።

«ተባረክ!» አለ ክብሩ፤ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ። ዳና «እ» ሲል ሁሉም የራሱን መልስ ይሰማበታል።

ልክነሽ በሩን ዘጋች። «ምን ሆነሃል? ቁልፍህ ልትመለስ ነው እኮ።»

«በላው እኮ።»

«ማን? ምኑን?»

«ገምጋሚው። ጋዋኑን። ከነኮሌታው።»

አሥራ አራተኛውን ነፋስ የወሰደው መስሏት የነበረችው ልክነሽ፣ ኮሌታውን ያስተካከለችው እሷ ስለሆነች ትንሽ ከፋት። ከዚያ እንደ ሚስት አሰበች። «ታዲያ ማን አየ? ተንበረከከ ብትል ምን ይጎድላል? ሣር ሲግጥም እኮ ያጎነብሳል።»

ዳና በመስኮቱ ወደ ማሳዎቹ ጠቆማት። አገርነሽ ሙዟ ላይ ቀይ ሻሽ አሥራለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የኳስ ማሊያ ሰቅሏል። ሌላው ቀይ የፕላስቲክ መታጠቢያ ሳፋ ግንድ ላይ ደፍቷል። ወሬዋ ጋዋኑ ብቻውን ሠራው ካለች ወዲህ፣ ሰው ቀዩን እየሰቀለ ቤቱ መተኛት ጀምሯል። ሰኞ ሃያ ሰው መጣ። ረቡዕ አሥራ አንድ። ትናንት አምስት፤ ከአምስቱም አንዱ ፎሰሴ ፍለጋ ነው።

«ቼን ከሦስቱ አንዱን ትቶ የሞከረ የለም ብሎኝ ነበር» አለ ዳና። «እኛ ሁለቱን ትተን ጨርቁን ይዘን ቀረን። የሚበላውን ይዘን ቀረን።»

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። መምህር ጥዑመልሳን ለዕለቱ ክብር ሲል ያረፈደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የገረሴ እንግዶች ፊት ላይ ተቀመጡ። መዘምራኑ በሰማያዊ ቆሙ፤ አሥራ ሦስቱ ቀይ ጋዋኖች ግድግዳው ላይ በክብር ተሰቅለዋል፤ ለአሥራ አራተኛው ባዶ ማንጠልጠያ ተትቶለታል። ቁልፉን ክብሩ በአረንጓዴ ገመዱ ማይክሮፎኑ ዘንግ ላይ አንጠልጥሎታል። ዳና ሲቆም ቁልፉ ደረቱ ትክክል ሆነ፤ ጎንበስ ቢል አንገቱ በገመዱ ውስጥ ይገባል።

«እ...» አለ ዳና።

ሦስት መቶ ሰው ጠበቀ። ወደ ሌላ አጀንዳ የሄደ የለም። ዳና ዞር ብሎ አየ፤ በእርግጥም እየጠበቁ ያሉት እሱን ነው። ቁልፉን አየው፤ አልነካውም።

«የቻይና ሃይማኖት አልገባሁም» አለ። «ሰውየው ምግብ አብሳይ ነው፤ ስለ ሃይማኖት አላወራንም። ቤተ ጸሎት አልተከልኩም፤ ሙዝ ነው የተከልኩት። መዘምራን የሉኝም። ጉማሬው ጫሞ አልገባም፤ ትናንት ማታ እኔ ማሳ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ቀይ አይፈራም። አሥራ አራተኛውን ጋዋን በልቶታል። የተመለሰው ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ድስት ስለመታ ነው። ዛሬ ማታ አምስት ሆነን ከመጣን፣ የእህት አገርነሽን ሻሽ ይበላል፣ ሳፋውን ይበላል፣ ከዚያ የወንድም ክብሩ ማሳ ነው።»

ከፊት ከተቀመጡት የገረሴ እንግዶች አንዱ ብዕሩን ከደብተሩ ላይ አነሣ። ክብሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለና ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማይክሮፎኑ ግን ሁሉንም አሰማ።

«ወንድም ዳና... ተንበረከከ እንኳ አትበል፣ እሺ። ግን እንግዶቹ ከሩቅ ነው የመጡት። ቢያንስ ማልቀሱስ?»

«አላለቀሰም» አለ ዳና። «አላመጠ።»